ለአዲስ አበባ «የሙዚየም ጉብኝት» ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትመዘገቡ ሁሉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በር ወረቀት እየበተነ «የአዲስ አበባ ሙዚየሞችና ጋለሪዎች ጉብኝት፣ ሁሉን ያካተተ» እያለ ሰው የሚመዘግበው አስጎብኚ ባለፈው እሑድ ገንዘባችንን በልቶ መልሶናል። ለሚቀጥለው ወር ሌላ ዙር መመዝገብ መጀመሩን ዛሬ ጠዋት ስለሰማሁ ንዴቴ ሳይበርድ ይህን ጽፌአለሁ። አቤቱታችን ገና ስላልታየ ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባለቀለም ወረቀት፣ ከላይ የድንቅነሽ ፎቶግራፍ፣ ከሥር «የቀረው ቦታ ጥቂት ነው» የሚል ማስቸኮያ፣ ለክፍያው ደግሞ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ደረሰኝ።

ለአንድ ሰው 6,500 ብር ከፍለናል። ይህ ዋጋ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ አልጋን፣ ምሳንና የሚከተሉትን ቦታዎች መግቢያ እንደሚሸፍን በወረቀቱ ላይ ታትሟል፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል፣ በመጨረሻም ፒያሳ የሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። የራሳችን የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ስለተዘረፈ፣ አብዛኞቻችን የተመዘገብነው ልጆቻችን አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ ሙዚየም ይዩ ብለን ነበር። አብረውን የተጓዙ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ገና ከኮምቦልቻ ወጥተን ከሚሴ ሳንደርስ ልጆቹን ሰብስበው፣ የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 እዚሁ አምባሰል ውስጥ መፈረሙን፣ በ17ኛው አንቀጽ የተነሣው ጠብም በየካቲት 1888 ዓድዋ ላይ እንዴት እንደተቋጨ ያስረዷቸው ነበር። አስጎብኚው በዚያ ሁሉ ሰዓት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር።

በጉብኝቱ ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣና ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይሄዳል ስንል አንድ «ጋለሪ» በር ላይ አወረደን። ጋለሪ የተባለው ግድግዳው በፍየል ቆዳ ሥዕል፣ መደርደሪያው በመስቀልና በጀበና የተሞላ የቱሪስት ሱቅ ነው። ባለሱቁ ጠርዙ በጢስ የጠቆረ አንድ ሥዕል አንሥቶ ከጎንደር ዘመን የቀረ ነው አለን፤ ቀለሙ ግን ገና ይሸታል። መምህሩ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ያለው ከሆነ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ደግሞ እንዲህ በሱቅ አይቸረቸርም» ሲሉት ሳቀና «አባባ፣ ዕድሜውን የምንናገረው ለፈረንጅ ነው፤ ለእናንተማ በልዩ ዋጋ ነው» አላቸው። እንውጣ ስንል አውቶቡሱ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል ተባልን። ነዳጁ ሲቀዳ ረፋዱ አለፈ። ከዚያ ምሳ ተብሎ ከተማው ዳር ወዳለ ምግብ ቤት ተወሰድን፤ እዚያም ምግቡ እስኪቀርብ የጠበቅነው ምግቡን ከበላንበት ጊዜ ይበልጣል።

ብሔራዊ ሙዚየም በር የደረስነው ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ሲዘጋ ነው። ጎብኚዎች ይወጡ ነበር፤ የሚገባ ግን አልነበረም። ልጆቹ ከሁሉ ቀድመው ወርደው ወደ በሩ ሮጡ። የጥበቃ ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸውና ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣውን አስጎብኚ ሲያይ፣ እንደ ቆየ ወዳጅ ፈገግ ብሎ «ዛሬም ረፈደብህ?» አለው። ዛሬም! ሁላችንም ሰምተናል። አስጎብኚው አልደነገጠም፤ ሰላምታውን መልሶ ወደ እኛ ዞረና በጣም የሚያዝን መስሎ «ያው የአዲስ አበባ መንገድ ታውቁታላችሁ» አለ። መንገዱ ባዶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ገባን፤ ሱቁ ባመጣው ሰው ልክ ኮሚሽን ይቆርጥለታል፣ ከእኛ የተሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ደግሞ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ስለምንደርስ ሳይነካ ኪሱ ይቀራል። ሰውየው የዘገየው ሲያቅድ ውሎ እንጂ መንገድ ተዘግቶበት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ከዚያ በኋላ የተናገረው ነው። ልጄ ድንቅነሽን ሳናይ ልንመለስ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው «እዚያ የተቀመጠችው እኮ ቅጂ ናት፤ ዋናዋን ብትገቡም አታዩዋትም። ደግሞስ የእናንተው ጎረቤት አይደለችም?» ብሎ ሳቀ። በእርግጥ ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት በጥንቃቄ ይጠበቃል። በኅዳር 1967 የተገኘችበት ሐዳርም ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ አቅጣጫ ነው፤ ይህን እኛ ከእርሱ በፊት እናውቀዋለን። ልጄ ልታይ የመጣችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ሰውነት ከራስ ቅል እስከ እግር ተደርድሮ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው፤ ቅጂውም ይህን በሚገባ ያሳያል። ገንዘቧን የተቀበለው ሰው ቅጂ መሆኗን ደሴ ላይ ሳይነግራት፣ የተዘጋ በር ላይ አቁሞ መንገሩ ንቀት ነው። መምህሩ የዓድዋ መታሰቢያውስ ብለው ሲጠይቁት ደግሞ «አባባ፣ እርስዎ ታሪኩን ካወቁት ማየቱ ምን ይጨምርልዎታል?» አላቸው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ያስተማሩ ናቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱለት ገብተው ቦታቸው ተቀመጡ፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስም ከማንም ጋር አልተነጋገሩም።

ስድስት ኪሎን በአውቶቡስ መስኮት አየነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታጋቾች የተገደሉበትና ዛሬ ሙዚየም የሆነው ገነተ ልዑል ከአጥሩ ወዲያ ቀረ።

ሰኞ ደሴ ቢሮአቸው ሄድን። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ወጣት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል ይላል» አለችን። የት ይላል ስንላት ወረቀቱን ገልብጣ በጣም በደቀቀ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አሳየችን። የመግቢያው ገንዘብ ይመለስ፣ ካልሆነም ትኬት የተቆረጠበትን ማስረጃ አሳዩን ስንል «ምሳ በልታችኋል፣ ተኝታችኋል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል መልስ አገኘን። ሥራ አስኪያጁ በውስጠኛው ክፍል ሆኖ ይስቅ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። ብሔራዊ ሙዚየም ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከልም እዚያው ስድስት ኪሎ ስለሆኑ ሦስቱንም በእግር ማዳረስ ይቻላል። ለአገር ውስጥ ጎብኚ መግቢያው ከውጭ ዜጋው በጣም ያነሰ ነው፤ በራሳችሁ እጅ ቁረጡ። በመኪና ከሄዳችሁም ጠዋት ከሁሉ በፊት ሙዚየም እንዲያደርሳችሁ ተነጋገሩ። ቀደም ባሉት ዙሮች ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁንና ያንን ባለቀለም ወረቀት አትጣሉ፤ አቤቱታውን በዚህ ሳምንት ለንግድ መምሪያ ስለምናስገባ ፊርማችሁ ያስፈልገናል።