ሐይቅ ዳር አራቴ ከፍሎ አንዴ መዝናናት

መግቢያ መክፈል አይከፋኝም። የሚከፋኝ የከፈልኩት ብር የት እንደገባ አለማወቄ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት መናፈሻዎች አንዱ ነው፣ ስሙን ልተወው። በቦታው ቅሬታ የለኝም። ጥላው ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ዕድር ዳኛ ቆመዋል፣ ጦጣ ደግሞ ልጅ እጅ ላይ ብስኩት ካየ በቃ፣ የሱ ነው። የዓሣ ጥብሱ ትኩስ መጣ፣ ሾርባውም ቃሪያ አልጎደለውም።

ወደ ክፍያው ልምጣ። በር ላይ በሰው ልክ ከፈልን። ትኬቷ ቁጥርና ማህተም አላት፣ ጎበዝ። ካሜራ ይዞ የነበረውን የአጎቴን ልጅ «ለካሜራ ትጨምራለህ» አሉት፣ አጠገቡ በስልክ ስትቀርጽ የዋለችው ልጅ ግን በነፃ። የመኪና ማቆሚያው ሒሳብ በቃል ነው። «ደረሰኝስ?» ስለው «ኧረ ወንድሜ፣ እዚሁ ነኝ፣ መኪናህን አያለሁ» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፣ ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ መኪናዬ አልነበረም። ሽንት ቤትም ለብቻው ይከፈላል፣ ውስጡ ውሃ የለም፣ ሳሙናማ አይታሰብ።

ለጥቂት ብር ይሄን ያህል ምን አስጮኸህ የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከተማ የራሴ የሚለው ገቢ ብዙ አይደለም። ምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ የምናያት 15 በመቶ ቫት የፌደራልና የክልል ጉዳይ ነች። ቤቲንግ ቤት የሚሰለፈው ወጣት ቢቀናው እንኳ፣ ከሎተሪና ከዕድል ጨዋታ ላይ ግብር መጣል በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 ለፌደራል መንግሥት የተሰጠ ሥልጣን ነው። ለከተማው የሚቀረው ሊዙ፣ ኪራዩ፣ የአገልግሎት ክፍያውና እንዲህ ያለች የበር ትኬት ነች። ስለዚህ በኪስ የቀረች ብር በቀጥታ ከዚያ ሽንት ቤት ውሃ ላይ የተቀነሰች ናት።

ሌላው አገር ይሄን ገቢ አይንቀውም። ቺካጎ ከተማ የኮንሰርት ትኬት ላይ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ጋደም ብሎ ኔትፍሊክስ የሚያየው ነዋሪ ላይም የመዝናኛ ታክስ ትጥላለች። ህንድ በ2017 እ.ኤ.አ. የሽያጭ ታክሶቿን ስትጠቀልል የሲኒማውንም አብራ ጠቀለለችው፣ ግን ማዘጋጃ ቤቶች የራሳቸውን የመዝናኛ ታክስ የሚጥሉበትን በር አልዘጋችም። እኛ ሶፋ ላይ ያለው ይቅርና በሩ ላይ ቆሞ ብር የዘረጋውንም በቅጡ አልመዘገብነው። ሁሉም በቴሌብር ቢከፈል እኮ ደረሰኝ መለመን ባልኖረ፣ ያን ጊዜ ዋጋውን ትንሽ ቢጨምሩብኝም አላጉረመርምም ነበር።

ለቦታው አምስት ከአምስት፣ ለዓሣው አራት፣ ለሽንት ቤቱ አንድ፣ እሱንም ለበሩ መዝጊያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል፣ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ዝርዝር ብር ያዙ፣ «መልስ የለም» ይሏችኋል።