«አያትየዋ ምን አጥፍታ ነው?»፦ የሮዤ ቴሶረስ በአንድ ተርጓሚ ጠረጴዛ ላይ

በእንግሊዝኛ የጻፍኩት አንድ አጭር ታሪክ ነበር። አያትየዋ የተኛውን ሕፃን እንዳትቀሰቅሰው ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ክፍሉ ትገባለች። «ክሪፕ» (ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መሄድ) የሚለውን ግስ እዚያው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበት ስለነበር ሌላ ቃል ፈለግሁ። አንድ ነፃ የተመሳሳይ ቃላት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ከላይ ከተደረደሩት መሀል «ስሊንክ» አለ። ወሰድኩት። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «አያትየዋ ምን አጥፍታ ነው?»

ልክ ነበረች። ስሊንክ የሚያደርግ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ወይ አፍሯል፣ ወይ ተንኮል አስቧል። የተገሠጸ ውሻ ጭራውን ሸጉጦ ከክፍሉ ሲወጣ ያ ስሊንክ ነው። አያቴን በአንድ ቃል ሌባ አስመሰልኳት። (የታሪኬ አያት ናት፣ ግን እንደ ራሴ አያት ነበር ያዘንኩላት።)

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ሥራ የምከፍተው የወረቀቱን የሮዤ ቴሶረስ ነው፤ በትርጉም የሚቀራረቡ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአንድ ላይ የሰበሰበ መጽሐፍ። ልዩነቱን ያየሁት በእነዚህ በቀስታና በድብቅ የመሄድ ግሶች ላይ ስለሆነ ግምገማዬም በእነሱ ላይ ያተኩራል።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ። ፒተር ማርክ ሮዤ ሐኪም ነበር። የቃላት ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ1805 ለራሱ መጠቀሚያ ብሎ ጀመረው፤ ለሕትመት የበቃው በ1852፣ በ73 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው እትም 15,000 ያህል ቃላት ነበሩት። ዛሬ የምንገዛቸው እትሞች ብዙ እጥፍ ሰፍተዋል። «ቴሶረስ» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ሀብት፣ የሀብት ማከማቻ ማለት ነው። የእኛም «መዝገብ» በግእዝ ያው ትርጉም አለውና አጋጣሚው ደስ ይለኛል።

ዋናው ነገር አደራደሩ ነው። ሮዤ ቃላቱን በፊደል ተራ አላስቀመጠም፤ በሐሳብ ነው የሰበሰባቸው። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ማውጫ ትከፍታላችሁ፣ ቃላችሁን ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ቁጥሩ ወደ ገጹ ይመራችኋል። ክሪፕን ስፈልግ ማውጫው ከአንድ በላይ ቦታ ላከኝ። አንደኛው የዝግታ መንደር ነው። እዚያ ጎረቤቱ «ክሮውል» ነው፣ የመዳህ ግስ። ሌላኛው የመደበቅ መንደር ነው። እነ ስሊንክ፣ እነ «ስከልክ»፣ እነ «ፕራውል» እዚያ ናቸው። ድረ ገጹ ሁለቱን መንደሮች አደባልቆ ነበር የሰጠኝ። አያቴ ያስፈለጋት ከዝግታው ወገን ነበር። በመጨረሻ «ቲፕቶ» አልኩ፤ በእግሯ ጣቶች ተራመደች፣ ነገሩም አለቀ።

ክሪፕ ለምን ሁለት ቤት እንዳለው ለመረዳት ከሰው ውጪ ያለውን አጠቃቀሙን ማየት ይረዳል። መሐንዲሶች በሙቀትና በማያቋርጥ ጫና ውስጥ ያለ ብረት በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ሲለጠጥ ክሪፕ ይሉታል። በተዳፋት ላይ ያለ አፈር ዓይን ሳያየው ቁልቁል ሲንሸራተትም ክሪፕ ነው። ብረት ተንኮል የለውም፣ አፈርም ከማንም አይደበቅም። እዚያ ቦታ ላይ «ስኒክ» (ተደብቆ መሄድ) ብትተኩ ይስቁባችኋል፤ ስኒክ የግድ የሚደበቅ አእምሮ ይፈልጋል። ይህን ሳውቅ የአማርኛ ትርጉሜም ተለወጠ። ለአፈሩ «ቀስ በቀስ መንሸራተት» እላለሁ፣ ለሰውየው «ሹልክ ብሎ ገባ» እላለሁ። ቀድሞ ሁለቱንም «ሾለከ» እያልኩ እገላገል ነበር።

በጣም የወደድኩት ገጽ ላይ «ስቲል» አለ። አዎ፣ መስረቅ። ሰው ወደ ክፍል «ስቲል» ቢያደርግ ግን ምንም አልወሰደም፤ ማንም ሳያየው ገባ ማለት ነው። «ስቴልዝ» (ሳይታዩ መንቀሳቀስ) የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ግስ የወጣ ነው። መጀመሪያ ባዕድ ሆኖብኝ ነበር። ከዚያ ግን አማርኛችን ትዝ አለኝ፦ «ሰረቅ አድርጋ አየችው» እንላለን። እኛ የምንሰርቀው በዓይን ነው፣ እነሱ በእግር። ስለዚህ ቃሉ ሲያጋጥመኝ «ሰርቆ ገባ» ብዬ አልጽፍም፤ «ሳይታይ ገባ» እላለሁ። እይታ ላይ ሲመጣ ግን «ሰረቅ» ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

«ሳይድል»ም እንዲሁ ነው። በጎን መሄድ ነው መነሻው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ወደ ጎን» ከሚል የቆየ ቃል የተወለደ ግስ ነው። አንድ ሰው ግብዣ ላይ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ትከሻውን እያስቀደመ፣ ሳያስነቃ ሊያናግራት ወደሚፈልጋት ሴት ሲጠጋ አስቡት። ያ ሳይድል ነው። «ጠጋ አለ» ይበቃዋል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጠጋ ማለት ፊት ለፊትም ይሆናል። እኔ «በጎን ጠጋ ጠጋ እያለ» እላለሁ፣ ድግግሞሹ ያንን ፍራት ያመጣልኛል።

«ኢንች»ን ያው ታውቁታላችሁ፣ 2.54 ሴንቲ ሜትር። ግስ ሲሆን ያችን ያህል በትንሽ በትንሹ መንቀሳቀስ ነው። የተጨናነቀ መንገድ ላይ ያለ መኪና ኢንች ያደርጋል፣ አይደበቅም። አማርኛው እጃችን ላይ ነው፦ ፈቀቅ ፈቀቅ ማለት። «ኤጅ» ይቀርበዋል፣ ግን ወደ በሩ ኤጅ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ መውጣት ፈልጎ እንዳይታወቅበት ነው። ፕራውል የሚያደን ነው፤ ያደባል፣ ይዞራል። ስከልክ ደግሞ ጥግ ጥጉን ይዞ የሚያደፍጥ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ቴሶረሱ አልነገረኝም። ቃላቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ ልዩነታቸውን አያብራራም። ፍቺ የለውም፣ የእኔ እትም ምሳሌ ዓረፍተ ነገርም የለውም። የኃላፊ ጊዜ ቅርጽም አይሰጥም፤ ክሪፕ «ክረፕት»፣ ስሊንክ «ስለንክ» እንደሚሆን ከሌላ ቦታ ነው የሚታወቀው። ስኒክማ ሁለት አለው፦ «ስኒክድ» የቆየው ነው፣ «ስነክ» አሜሪካኖቹ ዘግይተው ያመጡት። ለመደበኛ ጽሑፍ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ብቻውን አትግዙት። እንግሊዝኛ እየተማራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምሳሌ የበዛበት የተማሪ መዝገበ ቃላት ያዙ። ለምትጽፉና ለምትተረጉሙ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ሥሩ። ቴሶረሱ ቃሉን ያስታውሳችኋል፣ መዝገበ ቃላቱ ማንነቱን ይነግራችኋል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስትገዙ በሐሳብ የተደራጀው እትም መሆኑን ገልጣችሁ አረጋግጡ። የሮዤን ስም ይዘው በፊደል ተራ የተደረደሩም ይታተማሉ፤ እነሱ መንደሮቹን አያሳዩም። ሰፊ ኅዳግ ያለውን ምረጡ። እኔ በእርሳስ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን የአማርኛውን እጽፋለሁ፦ ሹልክ፣ ፈቀቅ፣ ሸርተት፣ አደባ። ከ«ሳይድል» ጎን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ እዚያች ቦታ ላይ ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶታል።