በዱቤ የገዛነው ኤል ሼፕ ሶፋ፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት

ሶፋው ቤታችን የገባው ኅዳር ላይ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ የቤት ዕቃ መደብር የገዛነው ግራጫ ቬልቬት ኤል ሼፕ ነው። ዋጋው ከነቫቱ 78,000 ብር። ያን ያህል ብር በአንዴ ስላልነበረን ከመደብሩ ጋር በሚሠራ ባንክ በኩል በዱቤ ወሰድነው፤ ለ12 ወር፣ በየወሩ 6,500። የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ቀድሞ ተከፍሏል። ግንቦት ላይ ሶፋውን መለስነው። "ብሩን እንዴት አስመለሳችሁ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ስለ ሶፋውም ስለ ዱቤውም አንድ ላይ ልጻፍ።

መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ጨርቁም ጎበዝ ነው፤ ልጆቹ ሻይ ደፍተውበት በእርጥብ ፎጣ ስጠርገው ምንም ምልክት አልቀረበትም። ችግሩ ያለው ከጨርቁ ስር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የጥጉ መቀመጫ መስመጥ ጀመረ። ሰው ሲነሳ ስፖንጁ አብሮ አይነሳም። ቀጥሎ ደግሞ በተቀመጥን ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር።

ባለቤቴ ገለበጠውና ከታች ያለውን ስስ ጥቁር ጨርቅ ከፈተው። "ደረቅ ጣውላ ነው" ተብሎ የተሸጠልን ፍሬም የሞራሌ እንጨት ያለው እግሮቹ ጋ ብቻ ነው። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ በሙሉ ችፑድ ነው። ችፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጠፍጥፎ የሚሠራ ነገር ነው። ለቁም ሳጥን መደርደሪያ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ ስቴፕል ተመትቶበት ሰው ሲቀመጥበት ግን ይፈረፈራል። ስፖንጁን የሚሸከሙት የላስቲክ ቀበቶዎችም ከተመቱበት ተነቅለው ተንጠልጥለዋል። ሶፋ ልትገዙ ከሆነ መደብሩ ውስጥ ገልብጡልኝ በሉ። ሻጩ ፊቱን ካኮሳተረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ፎቶውንና ቅሬታውን ለመደብሩ በቴሌግራም ላክሁ። በማግስቱ ደወሉ። "እህቴ፣ አዲስ ሶፋ እኮ መጀመሪያ ላይ ይለሰልሳል" አሉኝ። እሺ፣ ችፑዱስ? "ባለሙያ እንልካለን።" ባለሙያው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ መጣ፣ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ መትቶበት ሄደ። ሲወጣ ለባለቤቴ "ይሄ ነገር አይቆይም" ብሎታል፤ ለእውነተኛነቱ አመሰግነዋለሁ። እንዳለውም አልቆየም። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና "ነገ"።

እዚህ ላይ ዱቤው የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ባለቤቴ ተናዶ "ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም አንከፍልም" አለ። ባንክ ሄደን ስንጠይቅ ሠራተኛዋ በትህትና አስረዳችን፦ "እኛ ለሻጩ ሙሉውን ከፍለናል። እናንተ ያለባችሁ ደግሞ ለእኛ ነው።" ውሉን ሳነበው ልክ ናት። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ቢሆን የተበላሸ ዕቃ መልሰህ "ከደብተሩ ሰርዝልኝ" ትላለህ፤ ሻጩም አበዳሪውም አንድ ሰው ነው። የባንኩ ግን ሦስት ማዕዘን ነው። ሻጩ ብሩን በመጀመሪያው ቀን ጠቅልሎ ስለወሰደ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። መክፈል ብናቆም የምንጎዳው እኛው ነን። የተበዳሪዎች መረጃ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት በኩል ለሌሎች ባንኮችም ይታያል፣ ነገ ብድር ስንጠይቅ ይወጣል። ስለዚህ ለተሰበረ ሶፋ በየወሩ 6,500 እየከፈልን ቆየን። ያበሳጫል።

መደብሩ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አዋጁ ግን ሌላ ነው የሚለው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የእኔ የቴሌግራም ቅሬታ ከነቀኑ በ15 ቀኑ ውስጥ ነው። "ባለሙያ እንልካለን" እያሉ ያስረዘሙት ጊዜም ያንን አልሰረዘውም። በስልክ ብቻ ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ምን ይዤ እከራከር ነበር?

ደረሰኙን፣ ፎቶውንና መልእክቱን አትሜ መደብሩ ላለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገባሁ። መደብሩ በደብዳቤ ተጠራ። ባለቤቱ መጥቶ "ቫቱ ለመንግሥት ገብቷል፣ ከየት አመጣዋለሁ?" አለ። ይሄ ምክንያት አይሆንም። ዕቃ ሲመለስ ሻጩ የተመላሽ ሰነድ ቆርጦ 15 በመቶውን ከሒሳቡ ያስተካክላል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ያውቀዋል። በመጨረሻ "ተጠቅማችሁበታል" ብሎ 8,000 ብር ቀንሶ 70,000 ሊመልስ ተስማማን። መከራከር ይቻል ነበር፣ ግን ሰልችቶናል።

ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በእጃችን አልተቀበልንም። 39,000ው፣ ማለትም ቀሪው ዕዳ፣ በቀጥታ ወደ ባንኩ የብድር ሒሳብ ገባ። 31,000ው ለእኛ። ከባንኩ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ክሊራንስ በማኅተም ወሰድን። የባንኩ የስልክ መተግበሪያ ላይ ግን ዕዳው ለጊዜው መታየቱን አላቆመም ነበር፤ ክሊራንሱን ይዤ ሄጄ ነው ያስጠፋሁት። የአገልግሎት ክፍያው አልተመለሰም። የጫኝና አውራጁም እንዲሁ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ሶፋ ማውጣትና ማውረድ ስንት እንደሚጠየቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ለሶፋው ከአምስት አንድ ኮከብ፣ እሱም ለጨርቁ። ዱቤውን ግን ደግሜ እወስደዋለሁ፤ የፋብሪካ ዋስትና ወረቀት ላለው ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ። የሚቀጥለውን ሶፋ ሰፈራችን ያለ አናጢ እየሠራልን ነው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹ ከርክክብ በኋላ የሚከፈል። ጨርቁ ከመልበሱ በፊት ፍሬሙን ባለቤቴ ሄዶ ያየዋል።