አቋርጦ ለሚመለስ ተጫዋች፦ የእጅ ላይ ዜልዳዎች ከወራት በኋላ

የኒንቴንዶን ተከታታይ የዜልዳ ጌሞች የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ታሪኩን፣ ሙዚቃውንና የደንጀኖቹን (እንቆቅልሽና ጠላት የሞሉባቸውን ዋሻዎችና ቤተ መቅደሶች) ክብደት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ለሚጫወቱት ይህ በቂ ነው። በእጅ የሚያዘው ጌም ግን ሌላ ጣጣ አለበት፤ ደንጀኑ ሳያልቅ ይዘጋል፣ ኪስ ይገባል፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ለሳምንታት ይረሳል። ላለፉት ወራት በኒንቴንዶ የእጅ መሣሪያዎች ላይ የወጡትን ዋና ዋናዎቹን ዜልዳዎች እያፈራረቅሁ ስጫወት ከሁሉ በላይ የለየልኝ መስፈርት ይኸው ነው፦ አቋርጬው ስመለስ ይቀበለኛል ወይስ ደጅ ያስጠናኛል? በዚህ ሲመዘኑ ደረጃቸው ከተለመደው ይለያል።

መሣሪያ ሁለት ይበቃል። ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ የጌም ቦይን፣ የጌም ቦይ ከለርንና የራሱን የአድቫንስ ካርትሪጆች ያነባል፤ 3ዲኤስ የራሱንና የዲኤስን። ኤስፒው ስለሚታጠፍ ስክሪኑ አይጫርም፣ ባትሪውም ቻርጅ ይደረጋል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም፤ አስማሚ ለብቻው መፈለግ ነው። ሙዚቃው ግማሽ ደስታ ለሆነ ተከታታይ ጌም ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። መጠኑም ትንሽ ስለሆነ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ብዙ ሳይቆይ ጣቱ ይደነዝዛል። 3ዲኤስ ደግሞ የዲኤስ ጌም ሲገባበት ምስሉን ለጥጦ ስለሚያሳይ ደብዘዝ ይላል። ጌሙ ሲከፈት ስታርትን ወይም ሴሌክትን ተጭኖ መያዝ በዋናው መጠን ያስነሳዋል፤ ያንሳል፣ ግን ጥርት ይላል። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምጫወተው።

ከ1993ቱ ሊንክስ አዌክኒንግ እንጀምር። ይህ ጌም የተጸነሰው በታላቅ ዕቅድ አልነበረም። ካዙዋኪ ሞሪታ የተባለው ፕሮግራመር በጌም ቦይ መሥሪያ ዕቃዎች ሲሞካክር የጀመረውን፣ ሌሎች ባልደረቦቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየተሰባሰቡ አሳደጉት፤ ኋላ ታካሺ ቴዙካ ዳይሬክተር ሆኖ ዳር አደረሰው። ያ ነፃነት ጌሙ ላይ ይታያል። ልዕልት ዜልዳ የለችም፣ የተለመደው አገር ሃይሩል የለም፣ የተቀደሰው ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርስ ትራይፎርስ የለም። የጌሞቹ ጀግና ሊንክ መርከቡ በማዕበል ተሰብሮ ኮሆሊንት በምትባል ደሴት ዳርቻ ወድቆ ማሪን የምትባል ልጅ ታገኘዋለች። ከዚያ ከሌላ ጌም የመጡ ፍጡራን ሳይቀሩ ይገጥሙታል፤ ከማሪዮ ዓለም የመጣ በሰንሰለት የታሰረ ጉልላት ራስ አውሬ እንደ ውሻ እየጎተተ ሲሄድ ማን ያቆመዋል!

ወደ መስፈርቴ ስመለስ፣ ከሁሉም ቀድሞ የተሠራው ይህ ጌም ከብዙዎቹ ተከታዮቹ የተሻለ አስተናጋጅ ነው። የደሴቲቱ ካርታ 16 በ16 ካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ስክሪን። ስክሪኑ አብሮህ አይንሸራተትም፤ ዳር ስትደርስ ሙሉውን ይገለበጣል። ሰዎች ይህን የመሣሪያው ድክመት ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ቦታን የማስታውሰው በዚሁ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ስክሪን አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፦ አንድ የተዘጋ ድንጋይ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የማይደረስበት ሣጥን። ከሳምንታት በኋላ ስከፍተው እግሬ መንገዱን ያውቀዋል። ካልታወቀኝም ደሴቲቱ ላይ የተበተኑ የስልክ ጎጆዎች አሉ፤ ገብቼ ስደውል ኡልሪራ የሚባለው ሽማግሌ ቀጥሎ ወዴት እንደምሄድ ፍንጭ ይሰጠኛል። ሰውዬው ፊት ለፊት ሲያናግሩት ዓይን አፋር ነው፤ ስልክ ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል። በ1993 እንዲህ ያለ ነገር ማሰባቸው እስካሁን ይገርመኛል።

የሚያስመርረው የቁልፉ ነገር ነው። ጌም ቦይ ያለው ኤ እና ቢ ብቻ ነው፤ ሰይፉም ጋሻውም ላባውም የኃይል አምባሩም እነዚህን ሁለት ቁልፎች ይሻማሉ። ድንጋይ ለማንሳት ሜኑ ከፍተህ አምባሩን ታደርጋለህ፣ ሁለት ስክሪን ሄደህ ጉድጓድ ለመዝለል እንደገና ሜኑ ከፍተህ ላባውን ታደርጋለህ። አምባሩን ሳታደርግ ድንጋይ ከነካህ ደግሞ «ከባድ ነው» የሚለው ጽሑፍ ይመጣል፤ በነካኸው ቁጥር፣ ያለ ምሕረት። በ1998 ለጌም ቦይ ከለር የወጣው ዲኤክስ ቀለምና አንድ ተጨማሪ ደንጀን ጨመረ እንጂ ይህን አልነካውም። እፎይታው የመጣው በ2019 ስዊች በሚባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ በድጋሚ ሲሠራ ነው፤ ሰይፉና ጋሻው የራሳቸውን ቁልፍ አገኙ፣ አምባሩም ሳይመረጥ ይሠራል። የአሻንጉሊት መልክ የሰጡትን ሥዕሉን ብዙ አልወደድኩትም፤ ለእጅ ግን እሱ ይሻላል።

በ2001 አብረው የወጡት ሁለቱ ኦራክሎች፣ ሲዝንስና ኤጅስ፣ የካፕኮም ሥራ ናቸው። ሂደማሮ ፉጂባያሺ ነው የመራቸው፤ ያው በኋላ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የተባለውን ዜልዳ የመራው ሰው። የሊንክስ አዌክኒንግን ሥዕልና አሠራር ወስደው በላዩ ላይ ገነቡ፤ ስለዚህ የሜኑው ጣጣም አብሮ ተወርሷል። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው ቢባልም ጠባያቸው አይገናኝም። ሲዝንስ ውስጥ ጉቶ ላይ ወጥተህ በትርህን ስታወዛውዝ ወቅቱ ይቀየራል፤ ክረምቱ በረዶ ይከምራል፣ በጋው የሚወጡበት ሐረግ ያበቅላል። ያለህበት ስክሪን ላይ ወቅቱ ሲቀየር ወዲያው በዓይንህ ስለምታየው አቋርጠህ ብትመለስም አትቸገርም። ውጊያ ይበዛበታል፣ ፈጣን ነው፣ ለአጭር ጊዜ ጨዋታ የተመቸ ነው።

ኤጅስ በእንቆቅልሽ ረገድ ከዚህ ሁሉ ስብስብ የላቀ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። የትናንቱና የዛሬው ዘመን ካርታ ተደራርበው፣ ትናንት የተደረገው ዛሬ ሌላ በር ይከፍታል። ችግሩ ይህን ሁሉ በጭንቅላትህ መያዝ ያለብህ አንተ መሆንህ ነው። ለአሥር ቀን ትቼው ስመለስ በየትኛው ዘመን ምን እንደጀመርኩ አላውቅም። በተለይ የጃቡ ጃቡ ሆድ የሚባለው ደንጀን የውሃውን ከፍታ እያወጡና እያወረዱ የሚሄዱበት ስለሆነ መሃሉ ላይ የተወው ሰው ከመጀመሪያው ቢጀምር ይሻለዋል። ኤጅስን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ፣ ቤት ውስጥ፣ ተከታታይ ቀን በማገኝበት ጊዜ ብቻ ነው የምከፍተው። ያኔ ግን የሚወዳደረው የለም።

ሁለቱን ማን ይቅደም ለሚል፦ ሲዝንስን አስቀድሙ። አንዱን ስትጨርሱ በሚሰጣችሁ ምስጢር ቃል ወይም በገመድ አገናኝታችሁ ሁለተኛውን ከጀመራችሁ፣ የታሪኩ እውነተኛ መጨረሻ ያኔ ነው የሚከፈተው። ምስጢር ቃሉ በቀላሉ የሚምታቱ ምልክቶች የበዙበት ነው፤ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ሚኒሽ ካፕ በ2004 ለአድቫንስ ወጣ፤ እሱም የፉጂባያሺና የካፕኮም ነው። ከሁሉም ቆንጆው እሱ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም። ሊንክ ኤዝሎ የሚባል ነጭናጫ ቆብ አጥልቆ እንደ ጉንዳን ያንሳል። ሣሩ ጫካ ይሆናል፣ የዝናብ ኩሬ ሐይቅ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ደንጀን ቦስ (መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ዋና ጠላት) ደግሞ በሌላ ጊዜ በአንድ ሰይፍ የሚሞተው ተራው አረንጓዴ ቹቹ ነው፤ አንተ ስላነስክ ብቻ ተራራ አክሎ ይጠብቅሃል። ከዚህ የተሻለ ቀልድ በተከታታዩ ውስጥ አላየሁም። አድቫንስ ኤል እና አር ስለጨመረ አር ማንሳቱንም መንከባለሉንም ይዞ የኤ እና የቢን ሽሚያ አቅልሎታል።

ከወራት በኋላ የሚሰለቸው የኪንስቶኑ ነገር ነው። የተሰበረ ሜዳሊያ ግማሽ ይዘህ ከመንደሩ ሰው ግማሽ ጋር ትገጥማለህ፤ ሲገጥም የሆነ ቦታ ሣጥን ወይም ዋሻ ይከፈትና ካርታው ላይ ምልክት ይደረጋል። እንዲህ ያሉ መቶ ግጥምጥሞች አሉ። ሐሳቡ ለአጭር ጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሁለት ሰው አነጋግሬ፣ አንድ ሣጥን ከፍቼ እዘጋለሁ። እየቆየ ሲሄድ ግን የሚፈለገው ቅርጽ እጅህ ላይ አይኖርም፣ ቁራጮቹ በዕድል ነው የሚገኙት፣ ያንኑ መንደር ደጋግሞ መዞር ይሆናል። ሁሉንም ካልገጠምኩ የሚል ሰው ሊጠላው ይችላል። ደንጀኖቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ጌሙ ሲጣፍጥ ማለቁም ያናድዳል።

ሁለት ስክሪን ወዳለው፣ የታችኛው ስክሪኑ በብዕር ወደሚነካው ዲኤስ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። የ2007ቱ ፋንተም ሃወርግላስ ሁሉን ነገር ወደዚህ የስክሪን ብዕር አዛወረው፤ ሊንክ የሚሄደው ጫፉን ተከትሎ ነው፣ ቡመራንጉ የሚበረው በሣልከው መስመር ነው። በልማድ አቅጣጫ ቁልፉን የሚፈልግ አውራ ጣት መጀመሪያ ያምፃል፣ በኋላ ይለምዳል። ያልለመድኩት እጄ ግማሹን ስክሪን መሸፈኑን ነው።

ይህ ጌም የእኔን መስፈርት ለሁለት የሚሰነጥቅ ነው። በአንድ በኩል ካርታው ላይ በእጅ ይጻፋል። የመቀያየሪያዎቹን ቅደም ተከተል፣ የተዘጋውን በር፣ «እዚህ ቦምብ ይዘህ ተመለስ» የሚለውን ራስህ ጽፈህ ትተዋለህ። ከወር በኋላ ስከፍተው የራሴ የተንጋደደ ጽሑፍ ይጠብቀኛል። በእጅ የሚያዝ ጌም ሊኖረው ከሚገባው ነገር ሁሉ ይህ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት፤ ከስፒሪት ትራክስ በኋላ የመጡት ለምን እንደተዉት አይገባኝም። በሌላ በኩል የውቅያኖሱ ንጉሥ ቤተ መቅደስ አለ። የአሸዋ ሰዓቱ እየቆጠረብህ፣ ከማይሞቱ ጠባቂዎች እየተደበቅህ የምትወርድበት ይህ ደንጀን በታሪኩ ሂደት ደጋግመህ የምትመለስበት ነው። አቋራጭ መንገድና አዲስ ዕቃ ይገኛል፣ መሃል ላይም ያደረስከውን የሚመዘግብ ቦታ አለ፤ ቢሆንም ያንኑ ወለል ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደሙ መድገም አቋርጦ ለሚመለስ ሰው ቅጣት ነው። ያለ ቤተ መቅደሱ አንደኛ ይሆን ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከላይኛው ስክሪን ያለውን ምልክት ወደ ታችኛው ካርታ «ማተም» አለብህ፤ መልሱ ማሽኑን ማጠፍ ነው። ሲገባኝ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የማይታጠፈው 2ዲኤስ ያለው ሰው የእንቅልፍ ማንሸራተቻውን ይጠቀም።

በ2009 የወጣው ስፒሪት ትራክስ ስህተቱን አርሟል፤ እዚህም ደጋግሞ የሚመለሱበት ማማ አለ፤ ሲመለሱበት ግን ካለፈው ወለል በላይ ያስጀምራል። ዜልዳም በመንፈስ መልክ አብራ ትጓዛለች፣ የጠባቂ ጥሩር ውስጥ ገብታ ትዋጋለች፣ አይጥ ስታይ ትርበተበታለች፤ በእጅ ጌሞቹ ውስጥ የእሷን ያህል ሕይወት ያላት ዜልዳ የለችም። ግን ባቡሩ ዘገምተኛ ነው። ዋሽንቱም ማይክሮፎን ላይ እየነፉ የሚጫወቱት ስለሆነ ሰው ባለበት መጫወት ያሳፍራል፤ ጫጫታ ካለ ደግሞ ማይኩ ይሳሳታል። በጨረስኩት ጊዜ ተደስቻለሁ፣ ድጋሚ ግን አልጀመርኩትም።

አሁንም ከእጄ የማይጠፋው የ2013ቱ ኤ ሊንክ ቢትዊን ወርልድስ ነው። በ1991 ለሱፐር ፋሚኮም የወጣውን የኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስትን ሃይሩል ወስዶ፣ ሊንክን ወደ ግድግዳ ሥዕል ቀይሮ በስንጥቅ ውስጥ አሾልኮ ሎሩል የምትባል ጨለማ መንትያ አገር ያስገባዋል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ስለሚሮጥ እንቅስቃሴው እንደ ውሃ ይፈሳል። ትልቁ ውሳኔ ግን ራቪዮ የሚባለው ነጋዴ ዕቃዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማከራየቱ ነው። ቀስቱን ወይም መዶሻውን ስትከራይ አብዛኞቹን ደንጀኖች በፈለግኸው ቅደም ተከተል ትገባለህ። ከሞትክ የተከራየኸው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ኋላ ላይ ገንዘብ ሲኖርህ ትገዛዋለህ። ለእኔ ይህ ማለት ረስቼው ብመለስ «የት ነበርኩ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ የቀረበኝ ደንጀን ውስጥ እገባለሁ። ዕቃዎቹም በራሱ በሚሞላ ጉልበት ስለሚሠሩ ቀስትና ቦምብ አልቆብኝ ሣር ማጨድ ቀረ። ፍንጭ ስፈልግ መነጽሩን አጠልቃለሁ፤ ፍንጩ የሚገዛው 3ዲኤሱን ኪስ አድርገህ ስትራመድ በምታገኘው ሳንቲም ነው፤ 100 እርምጃ አንድ ሳንቲም፣ በቀን ቢበዛ አሥር።

ከነቀፌታ አልተረፈም። የፈለጉትን ማስቀደም ስለሚቻል ደንጀኖቹ እየከበዱ አይሄዱም፤ ሁሉም አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ እንደሚገባ ሰው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ኤጅስን የጨረሰ ሰው ይቀለዋል።

ፎር ሶርድስና የ2015ቱን ትራይ ፎርስ ሂሮስ ሌላ ሰው ስለሚፈልጉ ብዙ አልሄድኩባቸውም፤ ሁለተኛውን ብቻውን የሚጫወት ሰው ሦስቱንም ሊንክ እየቀያየረ ማንቀሳቀስ አለበት፣ የ3ዲኤስ የኢንተርኔት ጨዋታም በ2024 ተዘግቷል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የጌም ቦይና የከለር ካርትሪጆች ሴቭ የሚይዙት ውስጣቸው ባለ ትንሽ ባትሪ ነው፤ ያ ሲሞት ጌሙ ይሠራል፣ የደረስክበት ግን ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት ባትሪውን ማስቀየር እንጂ መሃል ላይ ማሰብ አይጠቅምም፤ ሲቀየር የነበረው ሴቭ አብሮ ይሄዳል። የ3ዲኤስ የኢንተርኔት መደብር ደግሞ ከመጋቢት 2023 ወዲህ አይሸጥም፤ ካርትሪጁን መፈለግ ነው። ሊንክስ አዌክኒንግ ዲኤክስ፣ ሁለቱ ኦራክሎችና ሚኒሽ ካፕ በስዊች የደንበኝነት አገልግሎት ውስጥ በ2023 ገብተዋል፤ በየትኛውም ቅጽበት አቁሞ ማስቀመጥና ወደ ኋላ ማጠንጠን ይቻላል። ኤጅስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው እዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።