አስር ወር በፖሊካርቦኔት ጣሪያ ሥር

የበረንዳዬን ጣሪያ ያሠራሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። አዲስ አበባ፣ ልብስ የምናሰጣበትና ቅዳሜ ቡና የምናፈላበት ቦታ። ቆርቆሮ ሳሎኑን ያጨልምብኛል ብዬ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ቦይ ቦይ ያለውን መረጥኩ። ውፍረቱ 8 ሚሊ፣ ቀለሙ ቡናማ። 2.1 በ6 ሜትር የሆነ አንድ ፓነል ለሁለት አስቆርጬ ጎን ለጎን ሳስተኛው 4.2 በ3 ሜትር ሸፈነልኝ።

ፓነሉን ለማንሳት ሰው አልጠራሁም። በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ኪሎ አይሞላም። ጉድ የሠራኝም ይኸው ቅለቱ ነው። በያጁም እኔም «ለዚች ደግሞ ምን ብረት ያስፈልጋል» ተባባልን። አግዳሚ ቱቦላሬዎቹን፣ ማለትም ውስጣቸው ክፍት የሆኑትን ብረቶች፣ እንደ ቆርቆሮ ቤት በየ1 ሜትሩ በየዳቸው። ስሎፑ፣ ማለትም የጣሪያው ተዳፋት፣ ለ3 ሜትር 15 ሳንቲ ብቻ ነበር። ሲያልቅ አማረ፤ እስከ ሐምሌ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ፓነሉን አልበሳውም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን በረዶው ታች ተከማችቶ አሸንዳውን ደፈነውና ውሃው ጣሪያው ላይ ተኛ። 1 ሳንቲ ከፍታ ያለው ውሃ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል። ከፓነሉ ክብደት ስድስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በአግዳሚዎቹ መሃል የፓነሉ ሆድ ወረደ። በወረደ ቁጥር ደግሞ ሌላ ውሃ ይጨምራል። በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋሁ አፈሰስኩት። ግማሹ እኔው ላይ ነው የፈሰሰው።

የባሰው ግን ነፋሱ ነው። በረንዳ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቀላል ነገር ደግሞ በክብደቱ አይቆምም። ምሰሶዎቼ የታሰሩት ሲሚንቶው ላይ በላሜራና በሁለት ሁለት ብሎን ነበር። አንድ ሌሊት ሲንቀጠቀጡ እየሰማሁ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

መስከረም ላይ አስፈታሁት። የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው። አሁን አግዳሚዎቹ በየ60 ሳንቲው ናቸው። ቁልቁል የሚወርዱት ዋና ብረቶች በየ1.05 ሜትሩ ሆኑ፤ የፓነሉ ጠርዝ፣ መሃሉና መገጣጠሚያው ሁሉ ብረት ላይ እንዲያርፍ። በመጀመሪያው ሥራ ግን ብረቱን በየዳን፣ ከዚያ ፓነሉን ልናስማማው ታገልን። መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው፤ ብረቱን በፓነሉ ልክ መበየድ። ስሎፑን 30 ሳንቲ አደረስነው። የምሰሶዎቹን እግር ቆፍረን ኮንክሪት ውስጥ ቀበርነው። ብረቱ ፓነሉን የሚነካበትን ፊት ነጭ ቀባሁት፤ ጥቁር ብረት ፀሐይ ሲመታው ፓነሉን ከሥር ይጠብሰዋል።

የብሎኑ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ በደንብ ይረዝማል። በቀዝቃዛ ሌሊትና በቀትር ፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 3 ሜትሩ ወደ 8 ሚሊ ይጨምራል። በያጁ መጀመሪያ ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ በስቶ እስኪጨነቅ አጠበቀው። መሄጃ ሲያጣ ፓነሉ ሞገድ ሠራ። አሁን ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፣ ከላዩ የጎማ ማሸጊያ አለው፣ ብሎኑም ሳይጨመቅ ይያዛል። ያም ሆኖ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትወጣበት ጧ ጧ ይላል። ለመድነው።

ለማሸጊያ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን አታስደርጉ። የኔ ብሎኖች ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያየሁት እሱ የነካቸው ቦታዎች ላይ ነው።

ብርሃኑን ወድጄዋለሁ። ቀን ሳሎን መብራት አናበራም፣ ልብስም በክረምት ሳይቀር ይደርቃል። ዝናብ ሲወርድ ግን ስልክ ማውራት አይታሰብም።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። የቦዮቹን የታችኛ ጫፍ የሚዘጋው ቴፕ በክረምቱ ተላቆ ሦስት ቦይ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ ገብቷል። በሽቦም በውሃም ሞከርኩ፣ አልወጣም። ቡና ሲፈላ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው እሱን ነው።