ሃ ሎንግ፣ ላን ሃ ወይስ ባይ ቱ ሎንግ? ከሐዋሳ ለሚነሱ ሙሽሮች የአዳር ጀልባ ምርጫ

ሐዋሳ ላይ ለጫጉላ "ውጭ እንውጣ" ሲባል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጡት ዱባይና ዛንዚባር ናቸው። አሁን ቬትናም ተጨምራለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ "እዛ እንዴት ይደረሳል?" የሚለው ጥያቄ ቀለል ብሏል። የቀረው በሃ ሎንግ ወሽመጥ አካባቢ ባሕር ላይ ለማደር "የትኛውን ጀልባ እንያዝ?" የሚለው ነው።

እኔ ግን ከጀልባው አልጀምርም። የጀልባውን የኮከብ ደረጃና የመዋኛ ገንዳውን ፎቶ ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ ጀልባው የትኛው ውሃ ላይ እንደሚያድር ጠይቁ። በአካባቢው ባሉት የኖራ ድንጋይ ደሴቶች መሃል የአዳር ጉዞ የሚደረገው ጎን ለጎን ባሉ ሦስት ወሽመጦች ነው። ሻጩ ሦስቱንም "ሃ ሎንግ" ብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል።

ዋናው ሃ ሎንግ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 የመዘገበው ነው። ትልቁ ዋሻ ሱንግ ሶት እዚህ ነው ያለው። ደረጃ ትወጣላችሁ፣ በጠባብ በር ትገባላችሁ፣ የመጀመሪያው አዳራሽ "ይኸው ነው እንዴ?" ያሰኛል። ቀጥሎ ያለው ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ መብራቱም በድንጋዩ ላይ ጥላ ይሠራል። ከዚያ የቲ ቶፕ ደሴት አለ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 ከሰሜን ቬትናም መሪ ከሆ ቺ ሚን ጋር ከጎበኘው የሶቪየት ጠፈርተኛ ከቲቶቭ ነው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ከ400 በላይ ደረጃ መውጣት አለ፤ ታቦር ተራራን በእግሩ የሚወጣ ሰው አይከብደውም። ችግሩ ሰው ነው። ሁሉም ጀልባ በተቀራረበ ሰዓት ስለሚደርስ ዋሻው ውስጥ ወረፋ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ለፎቶ ቆም ስትሉ ከኋላ ይገፏችኋል።

ላን ሃ ከሃ ሎንግ በስተደቡብ ካት ባ ደሴትን ተጠግቶ ይገኛል። አስተዳደሩ በሃይ ፎንግ ከተማ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካት ባ ደሴቶች ከሃ ሎንግ ጋር በአንድ የዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል፤ ስለዚህ "ዩኔስኮ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ድንጋዩ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው፣ የጀልባው ብዛት ግን ያንሳል። እዚህ ዋሻ የሚታየው በካያክ ነው፤ ራሳችሁ የምትቀዝፉት ጠባብ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። "ጨለማና ብርሃን" በሚባለው ዋሻ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብላችሁ ትቀዝፋላችሁ። በሌላኛው በኩል ስትወጡ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ናችሁ። ደሴቶቹ ማዕበሉን ስለሚከልሉት በዚህ አካባቢ የባሕር ሕመም ብዙም አያስቸግርም። መዋኘት ለማይችልም የሕይወት ጃኬት አለ። ለሙሽሮች ምርጫዬ ይኸው ላን ሃ ነው።

ባይ ቱ ሎንግ በሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከሁሉም ጸጥ ይላል፣ ዋሻው ግን ትንሽ ነው። ቩንግ ቪየንግ የሚባለውን የዓሣ አስጋሪዎች መንደር በቀርከሃ ጀልባ ያሳዩአችኋል። "ውሃ ላይ የሚኖር ሕዝብ" የሚለውን ማስታወቂያ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የአካባቢው ተንሳፋፊ መንደሮች አብዛኞቹ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ የብስ እንዲዛወሩ ተደርገዋል።

(ጉጉታችሁ ዋሻው ብቻ ከሆነ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ቦርቡሮ የሠራው ሶፍ ዑመር አለላችሁ።)

አሁን ወደ ገንዘቡ። "2 ቀን 1 ሌሊት" የሚለው ሙሉ ሁለት ቀን እንዳይመስላችሁ። እኩለ ቀን አካባቢ ትሳፈራላችሁ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ትወርዳላችሁ። ከሃኖይ በመኪና መሄጃው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መመለሻውም ያን ያህል ነው። መካከለኛ ጀልባ ለአንድ ሌሊት በነፍስ ወከፍ ከ130 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ይጠይቃል፤ ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው መሆኑን ልብ በሉ። መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። የሃኖይ መኪናም አንዳንዴ እንደዚሁ። ያን ያህል አገር አቋርጦ ለሄደ ሰው ባለ በረንዳ ውድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ከመያዝ፣ ቀለል ያለ ክፍል ለሁለት ሌሊት መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ብዙ ሰው ወደማይደርስበት ውሃ ይወስዷችኋል። ታችኛው ፎቅ ርካሽ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ግን ይሰማል።

ምግቡ ዓሣ፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ነው። የአሞራ ገደል ዓሣ የለመደ ሐዋሴ ዓሣውን ይወደዋል፣ ቀንድ አውጣው ላይ ግን አላውቅም! ጾመኛ ከሆናችሁ ስታስይዙ "ቻይ" በሉ። ከሥጋ ነጻ የሆነው የቡድሂስቶች ምግብ ነው፣ ወጥ ቤቱም ያውቀዋል። እንቁላልና ወተትም እንደማትፈልጉ ጨምራችሁ ንገሩ። ሙስሊም ከሆናችሁ የሐላል ጉዳዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወራቱ ከጀልባው ይበልጣል። ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው። የኛ ሠርግ ግን ጥር ላይ ይበዛል፣ ያን ጊዜ እዛ ጭጋግና ብርድ ነው፣ የቬትናም አዲስ ዓመትም ይቀራረባል። ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶው ግራጫ ሊሆን ይችላል። ከፋሲካ በኋላ ያገባ ይሻለዋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ የታይፉን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት ስለሆነ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የቀን ጎብኚዎችን የጫነ ጀልባ በድንገተኛ ማዕበል ተገልብጦ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ቪዛው በኢንተርኔት ይሠራል፤ ለአንድ መግቢያ 25 ዶላር ነው። የጀልባውን ቅድሚያ ክፍያ ግን ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፦ በአየር ጠባይ ምክንያት ወደቡ ከተዘጋ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? የመልስ በረራችሁ ቀን የተቆረጠ ከሆነ "ይዛወራል" የሚለው መልስ አይጠቅማችሁም።