ባለ100 አምፕር-አወር ሊቲየም ባትሪና ባለ1 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር፦ በጅማ የቤት ቢሮ፣ ከክረምት እስከ በጋ

ይህ ግምገማ አንድ የሥራ ጠረጴዛን ለመያዝ አብረው ስለሚገዙ ሁለት ዕቃዎች ነው፦ 12.8 ቮልት 100 አምፕር-አወር ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ እና ቻርጀሩ አብሮት ያለ ባለ1,000 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ እንደ መስመሩ ወዳለ ንጹሕ 220 ቮልት የሚቀይር ሳጥን። የብራንዱን ስም መጥቀስ ብዙ አይጠቅምም። ያው ሳጥን፣ ያው ስክሪን፣ ያው አራት ቁልፍ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ይሸጣል። ዋጋም አልጽፍም፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የዛሬ ዋጋ ለመጪው ወር ዋስትና የለውም።

ፍርዱን ላስቀድም። በላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ መጠን በቂ ነው፣ ይተርፋልም። ጅማ ላይ ግን ዕቃውን በጣም የሚፈትነው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን መብራት እያለ ቮልት ሲወርድ ነው። ገዢ ሁሉ «ስንት ሰዓት ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «በ160 ቮልት ይሞላል ወይ?» የሚል የለም።

የሰዓቱን ሒሳብ እንጨርሰው። 12.8 ቮልት በ100 አምፕር-አወር ሲባዛ 1,280 ዋት-አወር ነው። ለዕድሜው ሲባል 85 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም 1,090 ገደማ ይገኛል። ላፕቶፕ ሥራ ላይ በአማካይ 35 ዋት፣ ባለ24 ኢንች ሞኒተር 20፣ ራውተር 10፣ ኤልኢዲ አምፖል 9፣ የሚሞላ ስልክ 10 ዋት ይወስዳሉ፤ ድምሩ 85 አካባቢ ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ምንም ሳይሰካበት 15 ዋት ያህል ይበላል፣ በመቀየሩም ጥቂት ይባክናል። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው 110 ዋት አካባቢ ነው፣ ያም ወደ 10 ሰዓት ሥራ ይሰጣል። በላፕቶፕ ፋንታ 150 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ከሆነ ሰዓቱ ወደ 5 ይወርዳል። ሥራ ሲያበቃ ኢንቨርተሩን ማጥፋት ልማድ ይሁን፤ ሌሊቱን መብራት በጠፋበት ሲበራ ካደረ ያቺ 15 ዋት የጠዋቱን ከአንድ ሰዓት በላይ ሥራ ትበላለች።

ካውያ፣ የውሃ ማፍያና ምድጃ ከዚህ ሳጥን ጋር ጉዳይ የላቸውም። እናቶች «ለቡና ብቻ ልሰካ» ሲሉ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ የቢሮው ሶኬት ቀለሙ የተለየ፣ ቦታውም ከጠረጴዛው ሥር ቢሆን ክርክር ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቮልቱ። ሶኬት 220 ቮልት መስጠት አለበት። ከትራንስፎርመር ርቆ የመስመር ጫፍ ላይ ያለ ቤት ግን ምሽት ላይ 180፣ 170፣ አንዳንዴ ከዚያም በታች ያያል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ መንደሩ አብሮ ሲጋግር መስመሩ አይችለውም። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር ለሚሠራ ሰው ሰዓቱ ክፉ ነው፦ እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲገቡ ጅማ በእነሱ በጋ 10፣ በእነሱ ክረምት 11 ሰዓት ከቀኑ ነው። ስብሰባው የሚሞቀው ልክ ምጣዱ ሲሞቅ ነው።

ኢንቨርተሩ የመስመር ቮልት የሚቀበልበት ሁለት ምርጫ አለው። ዩፒኤስ የሚባለው ከ170 እስከ 280 ቮልት፣ አፕላያንስ የሚባለው ከ90 እስከ 280 ቮልት ይቀበላል። ገጣሚዎች «ለኮምፒውተር ነው» ሲባሉ የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፣ ወደ ባትሪ የሚሻገርበት ጊዜ 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ስለሆነ፤ የሁለተኛው 20 ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? ቮልቱ 165፣ 182፣ 168 እያለ ሲዋልል ሳጥኑ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ባትሪ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። መብራት እያለ ባትሪው ይወርዳል፣ የውስጡ ሪሌይም (ቀጭ የሚለው መቀያየሪያ) ያለ ዕድሜው ያረጃል። በማግሥቱ መብራት የምር ሲጠፋ ባትሪው ባዶ ነው። ባለቤቱም «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ብሎ ተሸክሞ ሱቅ ይሄዳል፤ ባትሪው ግን ደኅና ነው።

አፕላያንስ ላይ አድርጉት። በብዙዎቹ ሳጥኖች የማስተካከያ ቁጥር 03 ነው። የላፕቶፕ፣ የሞኒተርና የራውተር አዳፕተር ጀርባ ሲነበብ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ 150 ቮልት ለእነሱ ችግር አይደለም። 20 ሚሊ ሴኮንዷንም ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው አይሰማትም። ከፊቱ ስታብላይዘር መጨመርም አያስፈልግም፤ ጩኸትና ብክነት ከመጨመር ሌላ ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሰጠው ነገር የለም።

መሻገሪያዋ የምትሰማው ራውተሩ ላይ ነው። አዳፕተሩ ደካማ ከሆነ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ እስኪገናኝም ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። መፍትሔው ለራውተር የተሠራች ትንሽ 12 ቮልት ዩፒኤስ (የራሷ ባትሪ ያላት መያዣ) ናት። ወይም ከትልቁ ባትሪ በ2 አምፕር ፊዩዝና 12 ቮልት አስተካክሎ በሚሰጥ ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር በኩል መስመር መሳብ ይቻላል። ያለ ኮንቨርተር በቀጥታ መሰካት ግን አይሆንም፦ ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይደርሳል፣ 12 ቮልት የሚለው ራውተር ሁሉ ይህን አይችልም። ስትገዙ የራውተሩን ሶኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ የመሃሉ ቀዳዳ 2.1 ሚሊ ሜትርና 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው በዓይን አይለይም፣ የተሳሳተው ይገባና ሲነኩት ይቋረጣል። በዚህ አሠራር ኢንቨርተሩ ጠፍቶም ዋይፋዩ ይሠራል።

ሌሎቹ ማስተካከያዎች አጭር ናቸው። የባትሪ ዓይነት ላይ «የተጠቃሚ ምርጫ» የሚለውን ይዞ መሙያውን 14.2 ቮልት፣ ማቆያውን 13.5 ቮልት ማድረግ። የሊድ አሲድ (የመኪና ዓይነት) ባትሪ ማመጣጠኛ የሚባለው ካለ ማጥፋት፤ ለዚህ ባትሪ አልተሠራም። መቁረጫው ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ 10.5 ቮልት ሆኖ ይመጣል፣ ወደ 12.0 ከፍ ይበል። ምክንያቱም ኢንቨርተሩ ቀድሞ ካልቆረጠ የባትሪው የራሱ መከላከያ ሰሌዳ ይቆርጣል። ሰሌዳው ሲቆርጥ ባትሪው ለመለኪያ ዜሮ ቮልት ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዱ ቻርጀርም «ባትሪ የለም» ብሎ መሙላት እምቢ ይላል። የመሙያውን ጉልበት 20 አምፕር ላይ መተው ለቤት መስመርም ለባትሪም ይስማማል፤ ከባዶ እስከ ሙሉ 5 ሰዓትና ትንሽ ይፈጃል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ 30 ቢደረግም ባትሪው አይጎዳም።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሙቀቱ ለሊቲየም ባትሪ የተመቸ ነው። ዝናቡና መብረቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ኢንቨርተሩ ከመብረቅ የሚያድን ይመስለዋል። አያድንም፦ መብራት ሲኖር የመስመሩን ኤሌክትሪክ በሪሌይ በኩል እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ሰርጅ ፕሮቴክተር (የቮልት ግፊት መከላከያ) የተጻፈበት ዲቫይደርም ትክክለኛ የመሬት መስመር ከሌለው ከተራ ዲቫይደር ብዙም አይለይም፣ የብዙ ቤቶች ሶኬት ደግሞ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። መብረቅ ሲጀምር ዋናው ነገር የኢንቨርተሩን መግቢያ ሶኬት ነቅሎ በባትሪ መቀጠል ነው፤ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል። ብሬከር ማውረድ ብቻ አይበቃም፣ ኑትራሉ አይቆረጥም። ጣሪያ ላይ የወጣ አንቴና ካለም ገመዱ አብሮ ይነቀል።

ሁለተኛው አደጋ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። ለዚህ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልት የሚሞላበት፣ የማዘግያ ሰዓትም ያለው ባለ ዲጂታል ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ብሬከር ሳጥን ውስጥ ይግባ። ላዩን 255፣ ታቹን 140፣ ማዘግያውን 180 ሴኮንድ ማድረግ ይሠራል። ታቹን 180 ያደረገ ሰው ያንኑ የዩፒኤስ ችግር በሌላ በር አስገባ።

አገጣጠም ላይ አንድ ሕግ አለ፦ የባትሪው ኬብል ይጠር፣ የ220ው ይርዘም። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ወደ 100 አምፕር ነው፤ ኬብሉ ቢያንስ 25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 125 አምፕር ፊዩዝ። ከኢንቨርተሩ ወደ ጠረጴዛው ግን በ2.5 ስኩዌር ሽቦ 10 ሜትር መሳብ ይቻላል። ስለዚህ ሳጥኑ ኮሪደር ላይ ይቀመጥ፤ ፋኑ በስብሰባ መሃል ሲነሳ ማይክ ውስጥ ይገባል። የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባው የመዳብ ራስ በመጭመቂያ ይታሰር፣ በፒንሳ የተቆነጠጠ ይሞቃል። ብሎኖቹ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይጥበቁ፤ መሸፈኛው የቀለጠ ኬብል ባየሁበት ሁሉ ምክንያቱ የላላ ብሎን ነበር።

አንዳንድ ገጣሚ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርቶ የኢንቨርተሩን መውጫ ወደ ቤቱ መስመር መልሶ ይሰካል። ይህ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ይገድላል፣ መብራት ሲመለስም ሳጥኑን ያቃጥላል። የኢንቨርተሩ ፌዝም ኑትራልም ከቤቱ ተለይቶ የራሱ ሶኬት ብቻ ይኑረው።

እርጥበቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ክረምት ላይ ሲሚንቶ ወለል ያልባል፣ ግድግዳ ይሻግታል። ባትሪና ኢንቨርተር ከወለል 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ ከግድግዳም አንድ መዳፍ ያህል ርቀው ይቀመጡ፤ የባትሪው ራሶች ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀባ። በጋ ላይ የመንገዱ ቀይ አቧራ ፋኑን ይደፍነዋል፣ በየሁለት ወሩ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። በረሮም ሙቀት ስለሚወድ ቀዳዳው ላይ ስስ ወንፊት ማድረግ አይከፋም፣ ወንፊቱ ራሱ ካልተጠረገ ግን ትርፉ መታፈን ነው።

ጠረጴዛውን እዚሁ ማሠራት ይሻላል። ቺፑድ በጅማ እርጥበት ጠርዙ ያብጣል፤ የእንጨት ባለሙያ ደግሞ ከተማዋ አይቸግራትም። ቁመት 74፣ ስፋት 120፣ ወደ ውስጥ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ ለሽቦ 6 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው፤ የጅማ በርጩማ ውበቱ ቡና ላይ ነው፣ 8 ሰዓት ቁጭ ለማለት አይሆንም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲወርድ የላፕቶፑ ማይክ ከንቱ ነው። ማይኩ አፍ አጠገብ የሚደርስ በሽቦ የሚሰካ ሄድሴት ይያዝ።

ባትሪው የማይፈታው አንድ ነገር አለ፦ ኢንተርኔት። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የሰፈሩ የሞባይል ማማም በራሱ ባትሪ ነው የሚቆየው። ያ ሲያልቅ የእናንተ ባትሪ 60 በመቶ እያለ ሥራው ይቆማል። የተለያየ ኔትወርክ ሁለት ሲም ይኑር፣ ሁለተኛው ላይ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ይቀመጥ፤ የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል ካሜራ አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ግድ ይሆናል። ትልልቅ ፋይሎችን ጠዋት መላክ ነው።

ስትገዙ ባትሪውን አንሡት። የዚህ ዓይነት ባለ100 ባትሪ ክብደቱ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው፤ 7 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ጎድሏል፣ 28 ኪሎ ከሆነ ሊድ አሲድ ነው። እውነተኛው ፈተና ግን ቤት ነው፦ እስኪሞላ ጠብቆ፣ መስመሩን ነቅሎ፣ ባለ100 ዋት የድሮ አምፖል አብርቶ ሰዓት መያዝ። ወደ 10 ሰዓት ከደረሰ ጥሩ ነው። 5 ላይ ከጠፋ የገዛችሁት የ50 ባትሪ ነው፣ ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት።

ሶላር ለመጨመር የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሶላር ቻርጀሩ ፒደብሊውኤም (ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ) ይሁን ኤምፒፒቲ (የፓነሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፕር የሚቀይር) ይዩ። ርካሾቹ ባለ12 ቮልት ሳጥኖች ፒደብሊውኤም ናቸው። በእነዚህ ላይ ገበያ ላይ የበዛውን ባለ400 ዋት ትልቅ ፓነል ቢሰኩ የፓነሉ ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ስለሚጎተት ከግማሽ በላዩ ይባክናል፤ የሚስማማው 18 ቮልት አካባቢ የሚሠራው ትንሹ ፓነል ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የጅማ ደመና ደግሞ ከፓነሉ የሚገኘውን ክፉኛ ስለሚቀንሰው፣ ሁለት ባለ200 ዋት ፓነል ጎን ለጎን ካልታሰረ በስተቀር ለክረምት መተማመኛው ያው የመስመሩ መብራት ነው።